መዶሻ ፍለጋ ወጥተው

እስቲ ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር፣ ሳፎልክ ውስጥ፣ ሆክስን በምትባል መንደር ነው። አንድ ገበሬ እርሻው ላይ መዶሻው ጠፋበት። ቢፈልግ፣ ቢያስፈልግ፣ የለም። ታዲያላችሁ ይህ ገበሬ አንድ ወዳጅ ነበሩት፤ ጡረታ ሲወጡ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በስጦታ ያገኙ። እሳቸውን ለመነ።

ኖቬምበር 16 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. አዛውንቱ መሣሪያቸውን ይዘው ማሳውን ማሰስ ያዙ። መሣሪያው ጮኸ። ጫር ቢያደርጉ የብር ማንኪያ! አሁንም ጫር ቢያደርጉ የወርቅ ጌጥ፣ ከዚያማ ሳንቲም በሳንቲም ላይ!

ሌላው ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆፍር ባደረ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው ለመሬቱ ባለቤትና ለፖሊስ አስታወቁ። በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች ወሬው ሳይወጣ በምስጢር መጥተው በአንድ ቀን ቆፍረው አወጡት። እኔን ከወርቁ በላይ የሚደንቀኝ ይህ ነው። ሀብቱ የተቀበረበት ሣጥን ከበሰበሰ ዘመናት አልፈዋል፤ ግን አፈሩ ስላልተተራመሰ የቱ ዕቃ ከየቱ አጠገብ እንደተቀመጠ፣ ምኑ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ሳይቀር ታወቀ።

ሳንቲሙ ሲቆጠር 14,865 ሆነ፤ የሮማውያን ወርቅና ብር፣ ጥቂት ነሐስም። መዶሻውስ? ተገኘ እንጂ! እሱም ከሀብቱ ጋር ብሪቲሽ ሙዚየም ገባላችሁ።

ከዕቃዎቹ መካከል በእመቤት አምሳል የተሠራች የቁንዶ በርበሬ መነስነሻ አለች፤ ብር ናት። ከሥሯ የሚዞር ክዳን አላት፤ አንድ ጊዜ ሲያዞሩት ለመሙላት ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ለመነስነስ፣ ደግሞም ይዘጋል። ያኔ ቁንዶ በርበሬ ከሕንድ ተጭኖ፣ በቀይ ባሕር፣ በእኛዎቹ በአክሱሞች ደጅ እያለፈ ሮም የሚደርስ ውድ ነገር ነበር።

ሳንቲሞቹ ደግሞ ጉድ ይዘዋል። ከብሮቹ አብዛኞቹ ጠርዛቸው ዙሪያውን ተቀርጥፏል። ከሮም አዲስ ብር መምጣቱ እየቀረ ነበርና ሰዉ ከነበረው ላይ እየሸረፈ አቅልጦ አስመሳይ ሳንቲም ይመታበት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ግን አልነኩም፤ ፈርተው ይሁን አክብረው እነሱ ያውቃሉ።

ለመሆኑ የማን ነበር? ማንኪያዎች ላይ አውሬሊዩስ ኡርሲኪኑስ የሚል ስም አለ፤ አንዱ የወርቅ አምባር ላይ ዩሊያና ለተባለች እመቤት መልካም ምኞት ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ሳንቲሞች የተመቱት በ407 ወይም በ408 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሮም ሥልጣን ከብሪታንያ ሊነቀል ሲል። ሣጥኑ የተቀበረው ከዚያ ወዲህ ነው። ዕቃው እንዲያ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ሲታይ ቀባሪው ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ ነበር ያሰኛል፤ አልመጣም።

ለሀብቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለ። ክፍያው የአግኚው ነበር፤ አዛውንቱ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ከገበሬው ጋር ተካፈሉት።