የፓክ-12 መበተን

የፓክ-12 መበተን በዩናይትድ ስቴትስ የኮሌጅ ስፖርት ታሪክ ከታዩት የኮንፈረንስ ሽግሽጎች መካከል ከፍተኛ ለውጥ ካስከተሉት አንዱ ነው። ፓክ-12 በአገሪቱ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙ 12 ዩኒቨርሲቲዎችን ያቀፈ ማኅበር ነበር። ከጁን 2022 እስከ ሴፕቴምበር 2023 ባሉት 14 ወራት አሥሩ አባላት ወደ ሌሎች ሦስት ኮንፈረንሶች እንደሚሄዱ አስታወቁ፤ ዝውውሩም በኦገስት 2024 ተፈጻሚ ሆነ። በቦታቸው የቀሩት ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ብቻ ነበሩ። ለውጡን የገፋው የቴሌቪዥን ገንዘብ ቢሆንም፣ በደጋፊዎች ዘንድ ያስነሳው ጥያቄ ከገንዘብ ያለፈ ነው፦ በጉርብትና ላይ የተመሠረተ ውድድር ከአካባቢው ሲነቀል የቡድኑ ማንነት ምን ይሆናል? በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮንፈረንስ ምንድን ነው?

አሜሪካን ፉትቦል በአብዛኛው በእጅ በሚያዝና በሚወረወር ሞላላ ኳስ የሚካሄድ፣ ከእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የሚያደርጉት ውድድር ከፕሮፌሽናሉ ሊግ ባልተናነሰ ይወደዳል፤ ከ100 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በከፍተኛው ደረጃ የሚጫወቱት ቡድኖች ከ130 በላይ ሲሆኑ፣ አንድ ቡድን በመደበኛው የውድድር ዘመን የሚያደርገው ግን 12 ያህል ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተከፋፍለው አብዛኛውን ጨዋታቸውን በየማኅበራቸው ውስጥ ያደርጋሉ።

ኮንፈረንስ የጨዋታ መርሐ ግብር ያወጣል፣ ዋንጫ ያዘጋጃል፣ የቴሌቪዥን ስርጭት መብት በጋራ ይሸጣል፣ ገቢውንም ለአባላቱ ያከፋፍላል። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ሊጎች በውጤት ማደግና መውረድ የለም። አንድ ቡድን ኮንፈረንስ የሚቀይረው ሌላ ኮንፈረንስ ሲጋብዘውና እርሱም ሲስማማ ነው። በዚህም ምክንያት በሜዳ ላይ ጥሩ ውጤት ያለው ቡድን እንኳ በሌሎች ውል ሳቢያ ደረጃውን ሊያጣ ይችላል።

አመሠራረት

የፓክ-12 ሥር ፓሲፊክ ኮስት ኮንፈረንስ የተባለው ማኅበር ነው። በዲሴምበር 1915 በፖርትላንድ ከተማ ሲቋቋም አባላቱ አራት ነበሩ፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲና ዛሬ ኦሪገን ስቴት የሚባለው የእርሻ ኮሌጅ። ዋሽንግተን ስቴት፣ ስታንፎርድ፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በተከታዮቹ ዓመታት ተቀላቀሉ። ቡድኖች በባቡር በሚጓዙበት በዚያ ዘመን ከጎረቤት ጋር መጋጠም የምርጫ ጉዳይ አልነበረም፤ የጉርብትናው ፉክክር የተወለደው ከዚሁ ነው።

ማኅበሩ ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ይከፈላል በሚል በተነሳ ቅሌት ሳቢያ በ1959 ፈረሰ። የካሊፎርኒያዎቹ አራት ዩኒቨርሲቲዎችና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ማኅበር ሲያቋቁሙ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኦሪገንና ኦሪገን ስቴት ውጭ ቀሩ። ዋሽንግተን ስቴት በ1962፣ ሁለቱ የኦሪገን ተቋማት ደግሞ በ1964 ገቡ። ማኅበሩ በ1968 ፓሲፊክ-8 ተባለ። በ1978 አሪዞናና አሪዞና ስቴት ሲቀላቀሉ ስሙ ወደ ፓክ-10፣ በ2011 ኮሎራዶና ዩታ ሲጨመሩ ደግሞ ወደ ፓክ-12 ተለወጠ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ የኮንፈረንሱ አወቃቀር ጥንድ ጥንድ ነበር። በሰሜን ካሊፎርኒያ በርክሌይና ስታንፎርድ፣ በሎስ አንጀለስ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ፣ በኦሪገን፣ በዋሽንግተንና በአሪዞና ግዛቶችም ሁለት ሁለት ተቋማት ነበሩ። እያንዳንዱ ቡድን በቅርቡ ባላንጣ ነበረው።

የቴሌቪዥን ገንዘብ

እስከ 1984 ድረስ የኮሌጅ ፉትቦል የቴሌቪዥን መብት የሚሸጠው በብሔራዊው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ነበር። በዚያ ዓመት ጁን 27 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች በተሟገቱበት ጉዳይ፣ ይህ አሠራር የንግድ ውድድር ሕግን ይጥሳል ብሎ በ7 ለ2 ድምፅ ወሰነ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮንፈረንሶች ጨዋታቸውን ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። ብዙ ተመልካች ያላቸው ቡድኖች በአንድ ኮንፈረንስ ሲሰባሰቡ የሚያገኙት ዋጋ ከፍ ይላል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ አንድ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ኮንፈረንስ ውስጥ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከካርታ ይልቅ በገበያ መመለስ ጀመረ።

ፓክ-12 በ2011 ከሁለት የቴሌቪዥን ድርጅቶች ጋር የ12 ዓመት ውል ተፈራረመ፤ የውሉም ዋጋ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ2012 የራሱን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፈተ። ይሁን እንጂ ጣቢያው ከትላልቆቹ የሳተላይት አቅራቢዎች አንዱ ከነበረው ዳይሬክቲቪ ጋር ስምምነት ላይ ባለመድረሱ ብዙ ደጋፊዎች የራሳቸውን ቡድን ጨዋታ ማየት አልቻሉም። በምዕራቡ ሰዓት ማታ የሚጀመሩ ጨዋታዎችም በምሥራቁ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስለሚያበቁ የአገር አቀፉን ተመልካች ትኩረት መሳብ ያዳግታቸው ነበር።

የመበተኑ ሂደት

ጁን 30 ቀን 2022 ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ። ቢግ ቴን መሠረቱ በመካከለኛው ምዕራብ የሆነ ኮንፈረንስ ነው። በኦገስት 2022 ይኸው ኮንፈረንስ ከሦስት ጣቢያዎች ጋር ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የሰባት ዓመት ውል ገባ። ፓክ-12 በአንጻሩ የሎስ አንጀለስን ገበያ ካጣ በኋላ አዲስ ውል ለማግኘት ከአንድ ዓመት በላይ ተደራደረ።

ጁላይ 27 ቀን 2023 ኮሎራዶ ወደ ቢግ 12 ለመመለስ ወሰነ። ለቀሩት አባላት የቀረበው ዋና አማራጭ ጨዋታዎቹን አፕል በኢንተርኔት ለደንበኞቹ እንዲያሰራጭ የሚያደርግና ገቢው በደንበኞች ብዛት ላይ የተንጠለጠለ ሐሳብ ነበር። ኦገስት 4 ቀን አባላቱ ይፈርማሉ ተብሎ ሲጠበቅ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ወደ ቢግ 12 መሄዳቸው ተሰማ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ስታንፎርድና በርክሌይ የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ የሆነውን ኤሲሲን ለመቀላቀል ተስማሙ። ከ100 ዓመት በላይ የኖረው ማኅበር በሁለት አባላት ቀረ።

በሜዳ ላይ ግን 2023 ለፓክ-12 ድንቅ ዓመት ነበር። በዲሴምበር 1 በላስ ቬጋስ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ዋሽንግተን ኦሪገንን 34 ለ 31 አሸነፈ። ዋሽንግተን እስከ ብሔራዊው የፍጻሜ ጨዋታ ደርሶ በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፈ። ኮንፈረንሱ የተበተነው ቡድኖቹ ደካማ ስለነበሩ አለመሆኑን ደጋፊዎች ለማሳየት ሲፈልጉ በተደጋጋሚ የሚጠቅሱት ይህንኑ ዓመት ነው።

የቀሩት ሁለቱ

ዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው በግዛቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ስንዴ በሚመረትበት ኮረብታማ አገር ባለችው ፑልማን ነው። የከተማዋ ሕዝብ ከ40 ሺህ ያነሰ ነው። ኦሪገን ስቴት በኮርቫሊስ ይገኛል፤ የከተማው ነዋሪ ወደ 60 ሺህ ይጠጋል። ሁለቱም የእርሻና የቴክኒክ ትምህርትን ለማስፋፋት የተቋቋሙ የመንግሥት ተቋማት ሲሆኑ፣ በቴሌቪዥን ገበያ ሚዛን ትንንሽ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የጨዋታ ቀን ለሆቴሎች፣ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ዋና የገበያ ቀን ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎችም ከሩቅ የሚመለሱበት ዕለት ነው።

ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የኮንፈረንሱ ሀብትና ውሳኔ ሰጪነት ለቀሩት አባላት ሊሆን ይገባል ብለው በዋሽንግተን ግዛት ፍርድ ቤት ከሰሱ። በኖቬምበር 2023 ፍርድ ቤቱ ለእነርሱ የሚያደላ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ በዲሴምበር የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ስላለ ትእዛዙ ጸና፣ በኋላም ወገኖቹ በስምምነት ጨረሱ። ገንዘቡ ለጊዜው ቢያቆያቸውም ጉዳቱ ቀጠለ። የዋሽንግተን ስቴት ኳስ አቀባይ ካም ዋርድ ወደ ማያሚ ተዛውሮ በ2025 የፕሮፌሽናል ሊጉ ምልመላ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። የኦሪገን ስቴት አሰልጣኝ ጆናታን ስሚዝም ወደ ሚሺጋን ስቴት ሄዱ።

የደርቢዎቹ ዕጣ

ሁለቱም ወገኖች አንድ ላይ በተዛወሩበት ቦታ ደርቢው ተረፈ። ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ በቢግ ቴን፣ አሪዞናና አሪዞና ስቴት በቢግ 12፣ ስታንፎርድና በርክሌይ በኤሲሲ መጋጠማቸውን ቀጥለዋል። ዩታም በቢግ 12 ከጎረቤቱ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር እንደገና በአንድ ማኅበር ተገናኘ።

ጥንዶቹ በተለያዩበት ግን ጨዋታው በልዩ ስምምነት የሚቆይ ሆነ። ዋሽንግተንና ዋሽንግተን ስቴት የተጋጠሙት መጀመሪያ በ1900 ሲሆን፣ የሚሸለመው ዋንጫ ግዛቱ በሚታወቅበት ፍሬ ምክንያት የአፕል ዋንጫ ይባላል። ውድድሩ የሲያትልንና የምሥራቁን ገበሬ አገር ልዩነት ይዞ የኖረ ነው። በልማድ በኖቬምበር፣ በውድድር ዘመኑ ማብቂያ ላይ ይደረግ ነበር። በ2024 ወደ ሴፕቴምበር ተዛውሮ ዋሽንግተን ስቴት በሲያትል 24 ለ 19 አሸነፈ። የኦሪገንና የኦሪገን ስቴት ጨዋታ የተጀመረው በ1894 ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እርሱም በ2024 በሴፕቴምበር ተካሄደ። የኮንፈረንስ ነጥብ ስለሌለባቸው እነዚህ ጨዋታዎች ለክብር ብቻ የሚደረጉ ሆነዋል።

ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ክልሎችም ታይቷል። ከ1894 ጀምሮ የሚጋጠሙት ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም፣ ሁለተኛው ኮንፈረንስ በመቀየሩ ከ2011 በኋላ ተቋርጠው የተገናኙት በ2024 ነው፤ ያገናኛቸውም ሌላ ሽግሽግ ነበር። በኦክላሆማ ግዛት ያሉት ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ በኖቬምበር 2023 ከተጋጠሙ በኋላ፣ ኦክላሆማ ወደ ኤስኢሲ በመሄዱ ዓመታዊው ጨዋታቸው ቆሟል።

ጉዞና ስፖርተኞች

ከሎስ አንጀለስ እስከ ኒው ጀርሲ ድረስ ያለው ርቀት ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት አለው። በዚህ ርቀት ያሉት ዩሲኤልኤና ራትገርስ ዛሬ የአንድ ኮንፈረንስ አባላት ናቸው። የፉትቦል ቡድን በሳምንት አንድ ጊዜ ስለሚጫወት ጉዞውን ሊችለው ይችላል። ጫናው የሚበረታው በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ በሚጫወቱት የመረብ ኳስ፣ የቅርጫት ኳስና የሶፍትቦል ተማሪዎች ላይ ነው። እነርሱ የሚጓዙት ለፉትቦል ተብሎ በተፈረመ ውል ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድም ጉዳቱን በገንዘብ ለማካካስ ሞክሯል። የዩሲኤልኤ መውጣት በአንድ አስተዳደር ሥር ያለውን በርክሌይን ስለጎዳ፣ ዩሲኤልኤ ለበርክሌይ ለሦስት ዓመታት በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል በ2024 ወስኗል።

በደጋፊዎች ዓይን

የሽግሽጉ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ ሰፊ የስፖርት ክርክር ሳይሆን የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። የኮሌጅ ቡድን ደጋፊ ከተቀናቃኙ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ በጋብቻም ይዛመዳል፤ የጨዋታው ድል ዓመቱን ሙሉ ይወራል። ተጋጣሚው በሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን ሽንፈቱን የሚያሳስብ፣ በድሉም የሚቀና ጎረቤት አይኖርም። በመኪና ተጉዞ ቡድንን በሌላ ከተማ መደገፍም ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ይሆናል።

ደጋፊ ሁሉ ግን አንድ ሐሳብ የለውም። ከለቀቁት ዩኒቨርሲቲዎች ደጋፊዎች ብዙዎቹ ቡድናቸው በከፍተኛው ደረጃ እንዲቆይ ሌላ መንገድ አልነበረውም ይላሉ። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ መፈቀዱ የገንዘብን አስፈላጊነት አክብዶታል። ከኦሃዮ ስቴትና ከሚሺጋን ጋር በየጊዜው መጋጠምን እንደ ዕድል የሚያዩም አሉ። በሌላ በኩል ከ1947 ጀምሮ የምዕራቡ አሸናፊ ከቢግ ቴን አሸናፊ ጋር በሮዝ ቦውል በአዲስ ዓመት የሚገናኝበት ልማድ ነበር። አንዱ ወገን በሌላው ውስጥ ሲገባ የዚያ ግጥሚያ ትርጉም ጠፍቷል።

የስሞቹ ሁኔታም ለውጡን ያሳያል። ቢግ ቴን 18፣ ቢግ 12 ደግሞ 16 አባላት አሏቸው። በአትላንቲክ ጠረፍ የተሰየመው ኤሲሲ በፓሲፊክ ጠረፍ ሁለት አባላት አሉት።

ከመበተኑ በኋላ

በ2024 እና በ2025 ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት የሁለት አባላት ኮንፈረንስ ሆነው ተጫወቱ። የኦሪገን ስቴት የቤዝቦል ቡድን በ2025 ያለ ኮንፈረንስ ተወዳድሮ ኦማሃ ለሚደረገው የኮሌጆች የመጨረሻ ዙር ደርሷል። በሴፕቴምበር 2024 ቦይዚ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ፍሬዝኖ ስቴት፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትና ዩታ ስቴት ከጁላይ 2026 ጀምሮ ፓክ-12ን ለመቀላቀል ተስማሙ። ፉትቦል የሌለው ጎንዛጋም ተከተለ። በጁን 2025 ቴክሳስ ስቴት ሲጨመር ኮንፈረንሱ ለፉትቦል የሚያስፈልጉትን ስምንት አባላት አሟላ። አዲሱ ፓክ-12 አብዛኛው አባሉ ከምዕራቡ በመሆኑ ወደ ቀድሞው አካባቢያዊ መልኩ የቀረበ ነው። ነገር ግን ከ1915ቱ መሥራቾች መካከል በውስጡ ያለው ኦሪገን ስቴት ብቻ ነው።