ከአትክልት መጽሔት ምን ይገኛል?



ልጃችሁ ኮሌጅ ገብቶ ጋዜጠኝነት ይማራል እንበል። የሙያ ልምምድ የሚጀምርበት ጊዜ ደረሰና የተመደበው ትልቅ ጋዜጣ ወይም ቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይሆን፣ ስለ ጽጌረዳና ስለ ጎመን የሚጽፍ የአካባቢ የአትክልት መጽሔት ሆነ። ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን «ይህን ሁሉ የለፋነው ለቲማቲም ነው ወይ?» ማለታችን አይቀርም። ነገር ግን የእንዲህ ዓይነቱ መጽሔት ታሪክ ሲመረመር ነገሩ የሚናቅ ሆኖ አይገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆን ክላውዲየስ ላውደን የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ በ1826 ለንደን ውስጥ «የአትክልተኛው መጽሔት» የተባለውን ማሳተም ጀመረ። መጽሔቱ ለባለጸጎች ብቻ የታሰበ አልነበረም፤ በባለጸጎች ግቢ ተቀጥረው ለሚቆፍሩት ወጣት አትክልተኞችም ጭምር እንጂ። ላውደን ደመወዛቸው እንዲሻሻልና የንባብ ዕድል እንዲያገኙ ይከራከርላቸው ነበር። እርሱ ግን በሕመም ሳቢያ ቀኝ እጁን በ1825 አጥቷል። ሐሳቡን በወረቀት የሚያሰፍርለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

በዚያው ዘመን ጄን ዌብ የተባለች ወጣት፣ አባቷ ያለ ሀብት ትቷት ስለሞተ፣ በብዕሯ ለመተዳደር ተነሣች። በ1827 ስሟን ሳትገልጽ ያሳተመችው ልብ ወለድ ስለ 22ኛው መቶ ዘመን የሚተርክ ሲሆን፣ በውስጡ በእንፋሎት ኃይል የሚያርስ መሣሪያ ይገኝበታል። ይህ ላውደንን ማረከው፤ በመጽሔቱም ጻፈበት። ደራሲው ወንድ መስሎት ነበር። በ1830 ተገናኙ፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ።

ጄን ስለ አትክልት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ባሏ ይነግራታል፤ እርሷ እስከ ውድቅት ሌሊት ትጽፋለች። ያልገባትን ትጠይቃለች። የዕፀዋት ሊቅ የነበረው ጆን ሊንድሊ የሚሰጠውንም ትምህርት ተከታተለች። የዘመኑ መጻሕፍት ለባለሙያ የተጻፉ በመሆናቸው ጀማሪ እንደማይረዳቸው ከራሷ ችግር ስላወቀች፣ በ1840 ለሴቶች የአትክልት ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ አወጣች። አላዋቂነቷን ለአንባቢዋ መጥቀሚያ አደረገችው። ላውደን በ1843 ዕዳ ትቶ ሲሞት እርሷንና ልጃቸውን የደገፋቸው ይኸው በልምምድ የተገኘ ብዕር ነው።

ሊንድሊም በበኩሉ በ1841 ከጆሴፍ ፓክስተን ጋር «የአትክልተኞች ዜና መዋዕል» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረተ። በመስከረም 13 ቀን 1845 ይህ ጋዜጣ የድንች በሽታ አየርላንድ መግባቱን አስታወቀ፤ ሰብሉ ከበሰበሰ አገሪቱ ምን ይውጣታል ሲልም ጠየቀ። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። አደጋውን ከጽሕፈት ቤት ወንበሩ ሆኖ ቀድሞ ያየው የድንች ቅጠል መመርመር የሚያውቅ ሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ሊንድሊ የበሽታውን ምክንያት የአየሩ እርጥበት ነው ብሎ ነበር። ማይልስ በርክሊ የተባለ ቄስ ደግሞ ቅጠሉን በማጉያ መነጽር መርምሮ በ1846 የበሽታው መንሥኤ ሻጋታ መሆኑን ጻፈ። እውነቱ ከቄሱ ጋር ነበር። ዜናን ቀድሞ መናገርና ምክንያቱን በትክክል ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለጋዜጠኛ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1965 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወሎ ረሃብ ለወራት ተሸፍኖ ሲቆይ የሰው ሕይወት ረገፈ። ስለ እርሻና ስለ ዝናብ የሚጻፍ ዜና ተራ ወሬ አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁ ልምምዱን በአትክልት መጽሔት ቢጀምር አትከፉ። እዚያ የሚማረው የአበባ ስም ብቻ አይደለም። አዋቂን መጠየቅ፣ የሰማውን በዓይኑ ማረጋገጥ፣ ለማያውቅ ሰው በግልጽ መጻፍ ነው። ማታ ጫማው ጭቃ ነክቶ ሲመጣ «ምን ያህል ይከፍሉሃል?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ጠየቅህ?» በሉት።