የአራት አገሮች ከፍተኛ ተራሮችና የወጪዎቻቸው ታሪክ

ተራራ በአንድ ስፍራ ጸንቶ ይኖራል፤ ስሙና ታሪኩ ግን እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል። በጂኦግራፊ መጻሕፍት ስለ አንድ ተራራ ስናነብ፣ ቁመቱ ይህን ያህል ነው፣ መጀመሪያም የወጣበት እገሌ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር አናጣም። ከዚያ በፊት በግርጌው የኖረው ሕዝብ ተራራውን አላየውም ነበርን? የወጪውን ስንቅና ድንኳንስ የተሸከመው ማን ነበር? የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት እኛ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ይዘን የታንዛንያን፣ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የአገራችንን ከፍተኛ ተራሮች ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በአፍሪካ ከሁሉ የሚበልጠው በታንዛንያ የሚገኘው ኪሊማንጃሮ ሲሆን ቁመቱ 5,895 ሜትር ነው። በግንቦት ወር 1848 ዮሐንስ ሬብማን የተባለ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ወደዚያ አገር ሲጓዝ በተራራው ራስ ላይ ነጭ ነገር አየ። ምን እንደ ሆነ መሪውን ቢጠይቀው «ባሪዲ» ብሎ መለሰለት፤ በስዋሂሊ ቋንቋ ብርድ ማለት ነው። እኛ በረድ ከምንለው ቃል ጋር ዝምድና ስላለው ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሬብማን ያየውን ጽፎ ወደ አውሮጳ ቢልክ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ በረዶ እንዴት ይገኛል በማለት በለንደን የነበሩ አንዳንድ የጂኦግራፊ ሊቃውንት አላመኑትም። ከእነዚህም ዋነኛው አፍሪካን በዓይኑ ሳያይ በመጻሕፍት ብቻ ያጠና የነበረው ዊልያም ኩሊ ነበር። በግርጌው የሚኖሩት የቻጋ ሰዎች ግን በየማለዳው የሚያዩት ነገር ስለ ነበረ ክርክሩ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ሐንስ ማየር የተባለው ጀርመናዊና ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ፑርትሼለር ጥቅምት 6 ቀን 1889 ከጫፉ ደረሱ። ማየር ሲሞክር ይህ ሦስተኛው ጊዜ ነበር። ከጫፉም እንደ ደረሰ የንጉሡን ስም አወጣለትና «የቄሣር ቪልሄልም ጫፍ» አለው። ሁለቱ ሰዎች ወደ በረዶው ሲወጡ ሙዊኒ አማኒ የተባለ አፍሪካዊ ባልደረባቸው በብርዱ ውስጥ ሰፈሩን እየጠበቀ ከላይ ቆይቶ ነበር፤ ሌሎችም ስንቅ ያመላልሱ ነበር። ታሪክ ግን ለብዙ ዘመን ሁለቱን ብቻ ሲጠራ ኖረ።

ሁለተኛው ተራራ በኬንያ የሚገኘውና አገሩም በስሙ የተጠራበት የኬንያ ተራራ ነው። ባቲያን የሚባለው ከፍተኛ ጫፉ 5,199 ሜትር ነው። የኪኩዩ ሕዝብ ኪሪኛጋ ይለዋል፤ የፈጣሪ ማደሪያ አድርጎም ያከብረዋል። በታኅሣሥ 1849 ይህን ተራራ ከሩቅ አይቶ ለአውሮጳ ያስታወቀው ዮሐንስ ክራፕፍ ነበር። ክራፕፍ ቀደም ሲል በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ የተቀመጠ ሚስዮናዊ ስለ ሆነ በአገራችን ታሪክም ይታወቃል።

በ1899 እንግሊዛዊው ሃልፎርድ ማኪንደር ወደ ተራራው ሲዘምት 170 ያህል ሰዎች አብረውት ተጓዙ፤ ከእነዚህ ውስጥ አውሮጳውያኑ ስድስት ብቻ ነበሩ። የቀሩት ስዋሂሊዎች፣ ኪኩዩዎችና ማሳዮች ናቸው። መስከረም 13 ቀን ከጫፉ የደረሱት ማኪንደርና ሁለቱ የአልፕስ መሪዎች ሴዛር ኦሊዬና ጆሴፍ ብሮሽሬል ሦስት ሆነው ነው። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ የ170 ሰው ድካም ለሦስት ሰዎች ጌጥ ሆነ ማለት ነው። ሆኖም ማኪንደር ለጫፉ ያወጣው ስም የአውሮጳ ንጉሥ ስም ሳይሆን የማሳይ መንፈሳዊ መሪ የነበረው የምባቲያን ስም በመሆኑ በዚህ ሊመሰገን ይገባል።

በዚሁ ተራራ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝ ሌላ ነገር ተፈጽሟል። ጣልያኖች አገራችንን በወረራ በያዙበት ዘመን በቅኝ አስተዳደሩ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ በ1941 ተማርኮ ወደ ኬንያ ተወሰደ። የእስረኞቹ ሰፈር ከተራራው ግርጌ ነበር። ቤኑዚ በ1943 መጀመሪያ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ ከጥራጊ ብረት በተሠራ መሣሪያ ወደ ላይ ወጣ፤ ካርታ ስላልነበራቸው በሥጋ ቆርቆሮ ላይ የታተመ የተራራውን ሥዕል ይመለከቱ ነበር። ባቲያን አልሆነላቸውም፤ ነገር ግን 4,985 ሜትር ከፍታ ካለው ከሌናና ጫፍ ደርሰው ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉና ወደ እስር ቤታቸው ተመለሱ። ሰው ለጥቂት ቀን ነጻ ሆኖ ለመዋል ምን ያህል እንደሚደክም ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ያለው የርዌንዞሪ ተራራ ነው። ማርጌሪታ የሚባለው ጫፉ 5,109 ሜትር ሲሆን፣ ዝናብና ጉም አብዝቶ ስለሚሸፍነው ከሩቅ ማየት አስቸጋሪ ነው። ሰኔ 18 ቀን 1906 የጣልያን ልዑል የሆነው የአብሩዚ መስፍን ከመሪዎቹ ጋር ወጣበት፤ ከኬንያ ተራራ የምናውቃቸው ኦሊዬና ብሮሽሬልም ከእነዚህ መሪዎች መካከል ነበሩ። መስፍኑ ለጫፉ የጣልያንን ንግሥት ስም፣ ለአጠገቡም ጫፍ የእንግሊዝን ንግሥት የአሌክሳንድራን ስም ሰጠ። በጭቃውና በረግረጉ ጭነቱን የተሸከሙት የአገሩ ሰዎች ባኮንጆዎች ስማቸው በጫፎቹ ላይ አልተጻፈም። ይኸው መስፍን ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የዋቢ ሸበሌን ወንዝ መርምሯል።

የነጻነት ዘመን ሲመጣ እነዚህ ጫፎች ሌላ እንግዳ ተቀበሉ። ታንጋኒካ ነጻ በወጣችበት በታኅሣሥ 9 ቀን 1961 የመቶ አለቃ አሌክሳንደር ኒሬንዳ በኪሊማንጃሮ ራስ ላይ ችቦ አብርቶ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። የቄሣሩ ስም ተሽሮ ጫፉ «ኡሁሩ» ተባለ፤ ነጻነት ማለት ነው። በታኅሣሥ 1963 ደግሞ ኪሶይ ሙንያኦ የነጻይቱን ኬንያ ሰንደቅ ዓላማ በኬንያ ተራራ ላይ አውለበለበ።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ በስሜን የሚገኘው ራስ ደጀን ነው፤ የውጭ ካርታ ሠሪዎች ራስ ዳሸን ብለው ጽፈውታል። በቀድሞ መጻሕፍት ቁመቱ 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ኖሮ በኋለኛው ልክ 4,550 ሜትር ያህል ሆኗል። መጻሕፍቱ እንደሚሉት በ1841 መጀመሪያ የወጡበት ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው። በዚያን ጊዜ ስሜን የደጃዝማች ውቤ ግዛት ነበር።

ነገር ግን የስሜን ተራራ ታሪክ በ1841 አይጀምርም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ በእብነ በረድ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጧል። ይህንንም የገለበጠው ንጉሥ ካሌብ የጽሑፉ ግልባጭ እንዲላክላቸው የአዱሊስን ገዥ ስላዘዙ ነው። ጽሑፉ ከካሌብ በፊት የነበረ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻ ታሪክ ነው፤ መጀመሪያው ስለ ጠፋ የንጉሡ ስም አይታወቅም። በውስጡም ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ፣ ወንዙም ተከዜ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ አገሩ ለመውጣት የሚያስቸግር እንደ ሆነና ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለበትም ተጽፏል። እንግዲህ የለንደን ሊቃውንት በሬብማን ከመሳቃቸው ከ1,300 ዓመት በሚበልጥ ጊዜ በፊት በአፍሪካ ተራራ በረዶ መኖሩ በድንጋይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ራስ ደጀንን ማየት የሚወድ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ይጓዛል፤ ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያም በአምቢቆ አድርጎ አቀበቱን ይያያዘዋል። በመንገዱ የአስታን ደን፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ጅብራ፣ ጭላዳንና በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ዋልያ ያያል። የስሜን ፓርክ በ1978 ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካሠጋቸው ቅርሶች ተራ ተጻፈ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። የከፍታ በሽታ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ስለሚያመጣ መቸኮል አይገባም። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረታችን ለተራራ ወጪ የተነገረ ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። ሬብማን ያየው የኪሊማንጃሮ በረዶ ከ1912 እስከ 2011 ድረስ ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ጠፍቷል። የኬንያና የርዌንዞሪም በረዶ እየቀነሰ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያለው ትውልድ ያየውን ካልጻፈ፣ ኋላ የሚመጣው የእውነተኛውን በረዶ ወሬ እንደ ኩሊ ሊጠራጠር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ በመጽሐፍ ውስጥ «መጀመሪያ» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የጻፈው ሰው መሆኑን ነው። የማየርን፣ የማኪንደርንና የመስፍኑን ድካም አንንቅም፤ ብርዱንና ገደሉን ችለዋልና። ዳሩ ግን የተሸካሚው ስም የጠፋው እግሩ ስላልደረሰ ሳይሆን ብዕር ስላልያዘ ነው። እኛ ተማሪዎች ግን ብዕር ይዘናል። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በየዕረፍቱ ወደየአገራችን ስንሄድ በአቅራቢያችን ያለውን ተራራ እንውጣ፤ ስሙን ከሽማግሌዎች እንጠይቅ፤ መንገዱን ያሳየንንም ሰው ስም ከራሳችን ስም አስቀድመን እንጻፍ።