ከታኮ እስከ መሪ

የኢትዮጵያ የከባድ መኪና ሾፌር ለብዙ ዘመን ሙያውን የተማረው በክፍል ውስጥ አልነበረም። መምህሩ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው አንጋፋ ሾፌር ሲሆን ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከአሰብ ወደብ ተነስቶ በአፋር በረሃ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው መንገድ ነበር።

ይህን መስመር ለከባድ መኪና ያበቁት ጣሊያኖች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ለጦራቸው ስንቅና መሣሪያ ማመላለሻ ሲሉ ተራራውን እየቆረጡ መንገድ አወጡ፤ ጣርማበር ላይም ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ዋሻ በሱ። ወራሪው ሲባረር መንገዱም ከመኪኖቹ ብዙዎቹም እዚሁ ቀሩ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ መንገዶች ሰጠ፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የአገሪቱ ዋና በር ወደ መሆን አመራ። በኋላም ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ተሳቢውን አስከትሎ በየዳገቱ መታየት ጀመረ።

ከእያንዳንዱ ሾፌር ጎን አንድ ረዳት ነበረ። ብዙውን ጊዜ በዘመድ ወይም በዋስ የሚቀጠር ወጣት ነው። ሥራው ከጎማ ይጀምራል፤ ማለዳ ጎማዎቹን እየመታ በድምፃቸው የነፋሳቸውን ልክ ይለያል፣ ክሪክ ይሰቅላል፣ ከነመዳሪ ይለጥፋል፣ የራዲያተር ውሃ ይሞላል፣ ሸራ ወጥሮ ገመድ ያስራል። ሌሊት ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሲያርፍ እሱ ጭነቱን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ጉልበት ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ጭነቱ የት ላይ እንደከበደ በእጁ ያወቀ ሰው፣ በኋላ መሪ ሲጨብጥ ተሳቢው በጠመዝማዛ ላይ ወዴት እንደሚገፋው ያውቃል።

ትልቁ ፈተና ዳገት ነበር። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣርማበር ለመውጣት የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይሳባል። ረዳቱ ወርዶ ታኮ በእጁ ይዞ በጎን ይሄዳል፤ ማርሽ አልገባ ብሎ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ታኮውን ከጎማው ሥር የሚያስገባው እሱ ነው። የድሮዎቹ ማርሾች ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ካልተረገጠና የሞተሩ ዙር በጆሮ ካልተለካ አይገቡም ነበር። ይህ በወሬ የሚገኝ እውቀት አይደለም፤ ረዳቱ በየቀኑ ከጎን ተቀምጦ ሲሰማ የሚሰርጸው ነው።

ቁልቁለቱ የባሰ ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ አድርጎ መልቀቅ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሞተሩ መኪናውን መያዙን ሲተው ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ጥሩ ሾፌር ለረዳቱ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ ብሎ ያስተምራል። የበረሃው ትምህርት ሌላ ነው፦ የቀን ሙቀት ጎማ ስለሚያፈነዳ ሌሊት መጓዝ፣ ውሃ ለሰውም ለራዲያተርም መያዝ። መሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨበጠውም ብዙ ጊዜ እዚያው፣ በአፋር ሜዳ ላይ ነበር። ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ መሪ መስጠት ሕግ አይፈቅደውም፤ አደጋም ነበረው። ሆኖም ብዙ አንጋፋ ሾፌሮች የወጡት በዚህ መንገድ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የእርዳታ እህል ከአሰብ ወደ ወሎ ያመላለሱት እጆች እንዲህ የሠለጠኑ ነበሩ።

ከዚያ የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ይመጣል። በቀድሞው ሥርዓት ፈቃዱ እስከ 5ኛ ደረጃ ይወጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የኤርትራና የኢትዮጵያ ጦርነት አሰብን ሲዘጋ የጭነቱ መስመር ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ረዳትነቱ ግን ቀጠለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600 ፈቃዱን በተሽከርካሪ ዓይነት ከፍሎ ሥልጠናውን ለማሠልጠኛ ተቋማት ሰጠ።

ተቋም መኖሩ ተገቢ ነው፤ ሕግና ምልክት፣ የመኪና አካል፣ የመጀመሪያ እርዳታ በወግ ይማሩበታል። ጣርማበርን በተጫነ ተሳቢ መውጣት ግን በሥልጠና ሜዳ አይገኝም። ስለዚህ የትራንስፖርት ድርጅቶች አዲስ ፈቃድ ያወጣ ወጣትን ብቻውን ከማሰማራታቸው በፊት ክረምትና በጋውን ከአንጋፋ ሾፌር ጎን ያስቀምጡት፤ ለአንጋፋውም ለማስተማሩ ይክፈሉት።