ጠገራ ብር ስንት ያወጣል?

ዛሬ ስለ ሪሴትልመንትም ሆነ ስለ ራሽን አልጽፍም። ስለ ጠገራ ብር ነው የማወራችሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የመጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር ስለጻፉልኝ ነው። አንዷ እህታችን የቤት ኪራይ ቢያስጨንቃት ከአያቷ የወረሰቻቸውን ሦስት ጠገራ ብሮች ይዛ ወርቅና ብር ወደሚገዛ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ በአሲድ ፈተነና «ንጹሕ ብር አይደለም» ብሎ፣ በውስጡ ካለው ብር ዋጋ ከግማሽ በታች አቀረበላት። ሌላው ወንድማችን ደግሞ እህቱ ከዱባይ በላከችለት ገንዘብ ለሠርግ ስጦታ አንድ ጠገራ ሊገዛ ሌላ ሱቅ ገባ። «ዓመቱን እየው፣ 1780 ይላል፣ የሙዚየም ዕቃ ነው» ተብሎ በውስጡ ካለው ብር አራት እጥፍ ተጠየቀ። ገንዘቡ ያው አንድ ዓይነት ገንዘብ ነው። ለሻጯ ቆሻሻ፣ ለገዢው ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም እስካሁን ስላልተስማሙ ቶሎ ልጻፍ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የዓመቱን ነገር እንጨርስ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዢ ነበረች፤ የሞተችው በ1780 ነው። መልኳ ያለበት ገንዘብ በቀይ ባሕር ንግድ፣ በተለይም በየመን የቡና ገበያ፣ ከመወደዱ የተነሳ ሌላ መልክ ያለው ገንዘብ ነጋዴው አልቀበልም አለ። ስለዚህ ከሞተችም በኋላ መልኳንም ዓመቱንም ሳይነኩ መምታቱን ቀጠሉ። በ1850 የተመታው 1780 ይላል። በ1930ዎቹ የተመታውም 1780 ይላል። ቪየና የሚገኘው የሳንቲም ማምረቻ ዛሬም እየመታ ይሸጠዋል፤ እሱም 1780 ይላል። እስካሁን የተመታው በጠቅላላ ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው። በእውነት በ1780 የተመታ አለ፣ ግን ጥቂት ነው፤ በጥቃቅን ምልክት የሚለየውም ባለሙያ ነው። ዓመቱን ብቻ እያሳየ ዋጋ የሚጨምር ባለሱቅ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

መስኮቱም አንድ ብቻ አልነበረም። ሙሶሊኒ በ1935 አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ያለዚህ ብር ኢትዮጵያ ውስጥ ሠራተኛም አጋሰስም እንደማያገኝ ስላወቀ፣ የመምቻ መብቱን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። የአድዋን ልጆች ለመግዛት የንግሥቲቱን ፊት ተከራየ ማለት ነው። ይህ ሲሆን በዚህ ብር የሚነግዱት ሌሎቹ አገሮች ዝም አላሉም። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የየራሳቸውን መቱ፤ በኋላም ቦምቤይና በርሚንግሃም ተጨመሩ። ስለዚህ አያታችሁ በሣጥን ያስቀመጡት ጠገራ ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ የተመታ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። አንድ ጠገራ ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል። ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ስለዚህ በውስጡ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። የብር የዓለም ዋጋ የሚነገረው በአውንስ ነው፤ አንዱ የብር አውንስ 31.1 ግራም ነው። ይህ ማለት አንድ ጠገራ የአውንስ ሦስት አራተኛ ነው። ስልካችሁ ላይ የዕለቱን ዋጋ አይታችሁ በሦስት አባዙ፣ ለአራት አካፍሉ። አውንሱ 40 ዶላር ቢሆን፣ በጠገራው ውስጥ 30 ዶላር የሚያወጣ ብር አለ።

እህቴ የተባለችው «ንጹሕ አይደለም» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ነው መልስ የሚያገኘው። አዎ፣ ንጹሕ አይደለም። መቼም ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። ዛሬ በየሱቁ ያለው ጌጥ ብዙውን ጊዜ 925 ነው፣ ጠገራው 833 ነው። ልዩነቱ ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ነው፤ ግማሽ ዋጋ የሚያስቀንስ ምንም ነገር የለውም። የእናቶቻችን ድሪ፣ አልቦና የአንገት መስቀልም እንዲሁ ነው። የአገራችን አንጥረኞች ብር የሚያገኙት ይህንኑ ጠገራ አቅልጠው ስለነበር፣ የድሮው ጌጥ በአሲድ ሲፈተን ከ925 ዝቅ ቢል አትደንግጡ። አንዳንዱ አንጥረኛ መዳብ ይጨምርበት ስለነበር ከ833ም ዝቅ የሚል ይኖራል። እሱን ፈትኖ ቁጥሩን ይንገራችሁ። ቁጥር የሌለው «ንጹሕ አይደለም» ዋጋ ማውረጃ ብቻ ነው።

ባለሱቅ ለምን ትርፍ ያዘ የምል ሰው አይደለሁም። ኪራይ አለበት፣ ፈቃድ አለበት፣ የገዛውን እስኪሸጥ ይጠብቃል። ደግሞም ጠገራ ብር በታሪኩ በውስጡ ባለው ብር ልክ ብቻ ተሽጦ አያውቅም። ከቪየና ትሪየስት፣ ከዚያ በመርከብ ኤደንና ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ደጋው፤ በየመንገዱ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይታከልበታል። የቡና ወቅት ሲደርስ ነጋዴው ለገበሬው የሚከፍለው ጠገራ ስለሚፈልግ ዋጋው ይወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ይወርዳል። አሞሌ ጨውም እንዲሁ ነበር፤ ከአፋር ጨው ማውጫ በራቃችሁ ቁጥር በአንድ ብር የምታገኙት አሞሌ ያንሳል። አባቶቻችን ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው ዝም ብለው የማይቀበሉት። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች በጣት እየዳሰሱ ይመረምራሉ፤ የተፋቀ ከሆነ ይመልሱታል። ከየአገሩ የመጡ መንገደኞች በባላገሩ ግትርነት ሲማረሩ ጽፈዋል። ግትርነት ይበሉት እንጂ ሚዛን በእጁ የሌለው ሰው በዓይኑና በጣቱ እየመዘነ ነበር።

የሚያስገርመው መንግሥታትም ይህን መርማሪ ማለፍ አቅቷቸው ነበር። እንግሊዞች በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ባላገሩ የሚቀበለውን ብር ከቪየና አስመትተው አመጡ። አጼ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመቱ፤ በክብደትም በጥራትም ከጠገራው ጋር ይተካከላል፣ ሆኖም ሕዝቡ የለመደውን አልለቅም ብሎ ጠገራው ከእሳቸው በኋላም ገበያውን ይዞ ቆየ። ጣሊያን በ1918 ለኤርትራ ብሎ ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ያለበት ብር አወጣ። የአስመራ ነጋዴ «ትመስላለች እንጂ እሷ አይደለችም» ያለ ይመስል እሱም ሳይለመድ ቀረ።

ጠገራው ከገበያ መውጣት የጀመረው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. (በፈረንጁ 1945) አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲታወጅ ነው። ያኔ ከወጡት ሳንቲሞች ሌሎቹ መዳብ ሲሆኑ ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነበር። ታዲያ ብልጦች አልጠፉም፤ የመዳቡን ሃያ አምስት ሳንቲም ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ዘዴ ቢያጣ የሃያ አምስቱን ጠርዝ ሞገድ ሞገድ አደረገው። በቤታችሁ ጠርዙ የተቀረጸ አሮጌ ሃያ አምስት ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። እሱ ብር የለውም። 1936 የሚለው ሃምሳ ሳንቲም ግን አለው፣ ከሽርፍራፊ ጋር እንዳትጥሉት።

ሱቅ ስትሄዱ የምላችሁ ይህን ነው። ከቤት ሳትወጡ የወጥ ቤት ሚዛን ካለው ሰው ዘንድ መዝኑት፤ 28 ግራም ይጠጋል። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ጠርዙን እዩት፤ የእውነተኛው ጠርዝ ዙሪያውን ከፍ ብሎ የወጣ የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለበት። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ አትግዙት። ለአንገት ተብሎ ጆሮ የተበየደበት ወይም የተበሳ ከሆነ ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ ብሩ ግን ብር ነው፣ በግራም ይሸጣል። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትሽጡ። መጀመሪያ የሚገዛበትን ብቻ አትጠይቁት፤ በመስኮቱ ያለውን ተመሳሳይ ጠገራ በስንት እንደሚሸጥም ጠይቁት፣ ከዚያ የእናንተን አውጡ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰውየውን ይነግራችኋል። በእኔ እይታ ከብሩ ዋጋ ከመቶ ሰማንያ በታች የሚሰጥን ጥሎ መሄድ ነው። ስትገዙም ለአንድ ተራ ጠገራ ከብሩ ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ መክፈል አይገባም። እናውቅሃለን እያሉ ወደ ሱቅ የሚወስዷችሁ የራሳችን ደላሎች ድርሻቸውን ከእናንተ ላይ እንደሚያነሱም አትርሱ።

አንድ ነገር ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አንበሳና የአጼ ምኒልክ ምስል ያለበት፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር የተጻፈበት ካላችሁ ከጠገራው ጋር ቀላቅላችሁ በግራም አትስጡት። እሱን ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ ዋጋውም ከብሩ በላይ ሊሆን ይችላል። አታጥቡት፣ በአመድም በሎሚም አትፈትጉት። የሁለቱን ገጽና የጠርዙን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በኮሜንት ላይ ግን ቤታችሁ ስንት እንዳለ አትጻፉ።