በልደታ የተጫወትነው ዋሻ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር አንበሳ የተማርን ሰዎች ስንገናኝ ስለ ፈተናና ስለ ራውንድ ይወራል። ዋሻውን የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው፤ ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

«ኮሎሳል ኬቭ» ሥዕልም ድምፅም የሌለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የቆማችሁበትን ቦታ በጽሑፍ ይነግራችኋል፤ እናንተ በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ቃል ጽፋችሁ ታዙታላችሁ፦ ፋኖሱን አንሳ፣ ወደ ምዕራብ ሂድ። የጻፈው ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ከባለቤቱ ከፓት ጋር በኬንታኪ የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ያስሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ማሞዝን ከፍሊንት ሪጅ ዋሻ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ካገኘው ቡድን ውስጥም ፓት ነበረችበት። በኋላ ትዳሩ ፈረሰ። ክራውዘር ሴት ልጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ የሚጫወቱት ነገር ይሁን ብሎ፣ ያንኑ ዋሻ አስገብቶ ጻፈው። አገር ለአገር የተበተንን ወላጆች ይህችን ቦታ ሁለቴ ሳናነባት አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ዶን ዉድስ የተባለ የስታንፎርድ ተማሪ አስፋፋው፤ ሙሉ ነጥቡም 350 ሆነ።

እኛ ጋ፣ ልደታ፣ የደረሰው ከሃያ ዓመት በኋላ በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ነው። የአንድ ጓደኛችን አጎት ከውጭ በላኩት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት አምስት ሆነን እንጎለታለን። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይተረጉማል፣ ሁሉም ይጨቃጨቃል። እናትየው ቡና ይዘው ሲገቡ «ሕክምና የምትሉት ይኼ ነው?» ይሉናል። መብራት ከሄደ ፋኖሱም ዋሻውም አብሮ ድርግም!

ነገሩ አዲስ አልሆነብንም፤ እንቆቅልሽ ያደግንበት ነው። እዚያ ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ እዚህ የተሳሳተ ይሞትና ጨዋታው «ላስነሳህ ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል።

መንገድ የዘጋውን እባብ የምታባርረው ትንሽ ወፍ ናት። ወፏን ለመያዝ ሦስት ምሽት ፈጀብን፤ ለካ በእጃችን የያዝነውን በትር ፈርታ ነው! «እስቲ በትሩን አስቀምጡት» ያለችው ከመካከላችን ዝምተኛዋ ነበረች። መተላለፊያው ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበትን ክፍልም ዕቃ እየጣለች ምልክት አድርጋ፣ በአናቶሚ ደብተሯ ጀርባ ካርታውን ሠራችው።

ጨዋታው ዛሬም በነፃ ይገኛል። እሷም የሕፃናት ሐኪም ሆናለች። ደብተሩ ግን ከተዋሱት የታች ባቾች አልተመለሰም። እጁ ላይ ያለ ሰው የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ለማኅበሩ ይላክልን፤ የምዕራቡን መተላለፊያ ገና አልጨረስነውም።