ድርብ ቮላኖ፦ «ፍሪሲዮን» እያልን የምናልፈው ውድ ዕቃ

ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ፣ ወይም በኮረም በኩል የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ተሻግሮ አላማጣ የሚገባ አሮጌ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው «ፍሪሲዮን አለቀ» ሲባል ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ሳህን፣ ኩሽኔታ፣ የእጅ ዋጋ፤ ይመራል እንጂ ይቻላል። ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ግን መካኒኩ እጁን እየጠረገ «ጋሼ፣ ቮላኖውም ሄዷል» ሲል ሒሳቡ ድንገት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ባለመኪናው ግር ይለዋል። እሱ የሚያውቀው ቮላኖ ቶርኖ ቤት ተልኮ፣ ፊቱ ተልጎ፣ በማግስቱ የሚመለስ ብረት ነው። አሁን ግን «ይኼኛው አይላግም፤ መለወጥ ነው» ይባላል።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው። የኋለኛውን ፋብሪካዎቹ «ዱዋል ማስ ፍላይዊል» ይሉታል። በአማርኛ «ድርብ ቮላኖ» ብለን ብንጠራው መልካም ነው እላለሁ፤ የድሮው ደግሞ «ነጠላ ቮላኖ» ይሁን።

ቮላኖ በሞተርና በካምቢዮ መካከል፣ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ጋር በብሎን የሚታሰር ከባድ ክብ ብረት ነው። ዙሪያውን ያለው ጥርስ ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያስነሳ የሚይዘው ነው፤ በካምቢዮ በኩል ያለው ለስላሳ ፊቱ ላይ ደግሞ የፍሪሲዮን ሸራ ይጫናል። ዋና ሥራው ዙርን ማስተካከል ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ክራንክሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ጊዜ ብቻ ነዳጅ ያቃጥላል። ሚኒሞ ላይ፣ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር፣ ይህ በሰከንድ ወደ 27 ምት ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ክራንክሻፍቱን ወደፊት ይወረውረዋል፤ በምትና በምት መካከል ደግሞ የሚቀጥለው ፒስተን አየር ሲያምቅ ዙሩ ይጎተታል። ናፍጣ ሞተር አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ስለሚያምቅ ውርወራውም መጎተቱም ከቤንዚን ሞተር ይብሳል። ከባዱ ቮላኖ በምቱ ጊዜ ጉልበት ይይዛል፣ ምቱ ሲያልፍ መልሶ ይሰጣል።

ነጠላ ቮላኖ ይህን መዋዠቅ ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። የተረፈው ንዝረት በፍሪሲዮኑ አልፎ ካምቢዮ ውስጥ ይገባና ጥርሶቹን እርስ በርስ ያንኳኳል። በድሮዎቹ ሞተሮች ሸራው መሀል የተሰካኩት ትንንሽ ሞላዎች ይህን ይችሉት ነበር። ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ የሚረጩ ባለ ቱርቦ ሞተሮች ሲመጡ፣ ምቱም ስለበረታ ትንንሾቹ ሞላዎች አልበቁም። መፍትሔውን የጀርመኑ ሉክ ኩባንያ አስቀድሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ቮላኖውን ለሁለት ከፍሎ ለገበያ አቅርቦት ነበር። አንዱ ግማሽ ከክራንክሻፍቱ ጋር ይታሰራል፣ ሌላው ፍሪሲዮኑን ይሸከማል። በመካከላቸው በግራሶ የተነከሩ ረዣዥም ቅስት ሞላዎች ተኝተዋል። የሞተሩ ግማሽ ሲወዛወዝ ሞላዎቹ እየተጨመቁና እየተለቀቁ ውዝዋዜውን ይውጡታል፤ የካምቢዮው ግማሽ ረጋ ብሎ ይዞራል።

ብልሃቱ ግን ደካማ ጎን አለው። በሞላ የተያያዙ ሁለት ክብደቶች ሁልጊዜ በኃይል የሚወዛወዙበት አንድ የዙር መጠን አይጠፋም። መሐንዲሶቹ ይህን መጠን ከሚኒሞ በታች እንዲወድቅ አድርገውታል። ስለዚህ ጤነኛ መኪና የሚነካው ሲነሳና ሲጠፋ ብቻ ነው፤ ያውም ለቅጽበት። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው እያቃሰተ ሲያዞር፣ ወይም መኪናው በግፊ ሲነሳ፣ ቮላኖው በዚያ ክፉ ዙር ውስጥ ይቆያል። ሞላዎቹ እስከ ጥግ እየተጋጩ ያረጃሉ። ብዙ ሰው ባትሪና ቮላኖ የሚገናኙ አይመስለውም፤ በናፍጣ መኪና ግን ይገናኛሉ።

ስሙን ስመርጥ ሌሎች አማራጮችን አይቻለሁ። «ባለ ሁለት ክብደት» ቃል በቃል ትክክል ቢመስልም ሚዛን ላይ የሚቀመጥ ነገር ያስመስለዋል፤ ጋራዥ ውስጥም የሚለው የለም። «መንታ ቮላኖ» ሁለት ራሳቸውን የቻሉ እኩል ዕቃዎች ያስመስላል። «ድርብ» ግን ከሸማ የምናውቀው ቃል ነው፤ ነጠላው ነጠላ ነው፣ ድርቡ ሁለት ሆኖ እንደ አንድ ይለበሳል። «ቮላኖ» ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞላ፣ ፓራኦሊዮ ከመጡበት። መካኒኩም ሾፌሩም የሚያውቀውን ቃል ጥሎ አዲስ መፍጠር ሰው እንዳይግባባ ማድረግ ነው።

የትኛው መኪና የትኛው አለው? የወረዳ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ሆኖ የምናውቀው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ 4.2 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው፣ ነጠላ ቮላኖ ነው። ያ ሞተር ቱርቦ የለውም፤ ስድስት ሲሊንደር ስለሆነም ምቶቹ ይቀራረባሉ፣ በአንድ ዙር ሦስት ናቸው። እንደ ኒሳን ናቫራ ዲ40 እና ፎርድ ሬንጀር ያሉ አዳዲስ ባለ ቱርቦ ፒክአፖች ግን ብዙዎቹ ድርብ ናቸው። ቶዮታም ቢሆን በማኑዋል ካምቢዮ የሚሠሩ አንዳንድ ዲ ፎር ዲ ሞዴሎቹን በድርብ አውጥቷል። አንድ ዓይነት ስም ያለው መኪና እንኳ እንደ ሞተሩና እንደተላከበት ገበያ ስለሚለያይ፣ በስም መገመት አይበቃም፤ የሻንሲ ቁጥር ነው የሚናገረው።

አሁን ወደ ሰቆጣ አካባቢ፣ ወደ ዋግ መንገድ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የተከዜ ሸለቆ ከ1,500 ሜትር በታች ይወርዳል። ከአበርገሌ ፍየል፣ ማሽላ ወይም ማር ጭኖ ሽቅብ የሚመለስ መኪና ከ700 ሜትር በላይ ቁመት በጠጠር ኮረብታ ላይ ይወጣል። ደጋው ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦው የሳሳውን አየር ያካክሳል፤ የሚያካክሰው ግን ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በዝቅተኛ ዙር ቱርቦው ገና አልነቃም፤ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል። ሾፌሩ ከዚያ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሁለቱም ቮላኖውን ይገድሉታል።

የመጀመሪያው ባላንስ፣ ማለትም ፍሪሲዮኑን በከፊል ለቆ መኪናውን መያዝ ነው። መንጃ ፈቃድ ስንማር ዳገት ላይ የተማርነው ባላንስ ለጥቂት ሰከንድ መነሻ ተብሎ የተሠራ ነው። የተጫነ መኪና በባላንስ ጠጠር ዳገት ሲወጣ፣ ወይም ከበጋ ወንዝ አሸዋ ለመውጣት ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሲታገል፣ ሸራው ይቃጠላል። ሽታው የሚታወቅ ነው። ሙቀቱ ሸራው ላይ አይቀርም፤ ወደ ቮላኖው ፊት ይገባል። ነጠላ ቮላኖ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል፣ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይላጋል። በድርቡ ውስጥ ግን ግራሶው ቀጥኖ ይፈስሳል፣ ሞላዎቹም ደርቀው ይፋተጋሉ።

ሁለተኛው ቀላል ማርሽ ይዞ መጎተት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ በአራተኛ ማርሽ በ1,200 ዙር የተጫነ መኪና ሽቅብ ሲጎተት፣ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይመታል፤ ሞላዎቹ በሙሉ ይጨመቃሉ። የመኪናው አካል ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ያ ነው። ጭነት ይዞ ከ1,500 ዙር በታች መጎተት የለበትም፤ ቀድሞ ወደ ከባድ ማርሽ መውረድ፣ ጠጠሩ ሲበዛም የአራቱን እግር ዝቅተኛ ማርሽ መጠቀም ይገባል። የሚጨምረው ናፍጣ ከድርብ ቮላኖ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ይህ ሳልደጋግመው የማላልፈው ምክር ነው፤ በዚህ አገር ዕቃው የሚሞተው በዕድሜው ሳይሆን በአነዳድ ነው ብዬ አምናለሁና።

ድርብ ቮላኖ እየሞተ ሲመጣ ይናገራል። ሞተሩ ሲጠፋ እንደ ቆርቆሮ ኳኳ ይላል፤ ሲነሳም እንዲሁ። ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጡ ይጨምራል፣ ማርሽ ሲቀየር ይከብዳል። ይሁን እንጂ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ኢንጀክተሮቹን ማስፈተሽ ግዴታ ነው። አንዱ ኢንጀክተር በትክክል ካልረጨ ምቶቹ እኩል አይሆኑም፤ ኳኳታውም ከቮላኖ ኳኳታ ጋር ይመሳሰላል። ይባስ ብሎ የታመመ ኢንጀክተር ሳይጠገን አዲስ ቮላኖ ቢገባ፣ አዲሱንም ያንኑ መንገድ ያስይዘዋል። ሌላም ፈተና አለ። የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ ወደ ካምቢዮው መጠርጠር ነው፤ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ነው።

ካምቢዮው ከወረደ በኋላ መካኒኩ በዓይን አይቶ «ደህና ነው» ወይም «አልቋል» ቢል አይበቃም። የድርቡ ሁለት ግማሾች አንዱ ካንዱ ምን ያህል እንደሚዞርና ምን ያህል እንደሚወላወል ይለካል፤ ለየሞዴሉ ፋብሪካው የወሰነው ልክ አለ። ጥቂት መዞሩ ሕመም አይደለም፤ ሥራው ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ቮላኖ ሊያስጥል ይችላል፤ የማያውቅ ባለመኪናም ይከፍላል። በተቃራኒው ግራሶ ወደ ውጭ ከተረጨ፣ ወይም ሲዞር ምንም ካልተለጠጠና በነፃ ከቀፈቀፈ፣ መከራከር አያስፈልግም። በዚሁ አጋጣሚ የክራንክሻፍቱን የኋላ ፓራኦሊዮ መለወጥ ብልህነት ነው፤ እሱ ዘይት ከለቀቀ አዲሱ ሸራ በጥቂት ጊዜ ይበላሻል።

ዋጋውን ስናስብ ደግሞ፣ የእጅ ዋጋው ቮላኖው ቢለወጥም ባይለወጥም አንድ ነው፣ ካምቢዮ ማውረድ ነውና። በአራቱም እግር በሚነዱ መኪናዎች ደግሞ ማስተላለፊያውና ዘንጎቹም ይወርዳሉ። ስለዚህ የታመመ ድርብ ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ያንን ድካም ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሦስተኛ መንገድም አለ፦ ድርቡን አውጥቶ ነጠላ ቮላኖና ሞላ ያለው ሸራ በአንድ ላይ መግጠም። ለአንዳንድ ሞዴሎች ፋብሪካ የሠራው ሙሉ ዕቃ ይገኛል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ለወደፊትም ይላጋል። የሚያስከፍለው ነገር ግን አለ፤ ድርቡ ይውጠው የነበረው ንዝረት ካምቢዮ ውስጥ ይገባል፤ ሚኒሞ ላይ ይንኳኳል፣ ኩሽኔታዎቹም ቶሎ ይደክማሉ። በዋግ መንገድ ጭነት ለሚሠራ፣ ዕድሜው ለገፋ መኪና ለሞዴሉ የተሠራ ዕቃ ከተገኘ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የማልቀበለው ሁለቱን ግማሾች በብየዳ ማጣበቅን ነው። ሞላው ይሞታል፣ ሚዛኑ ይዛባል፤ በደቂቃ 4,000 ዙር የሚዞር ብረት ሚዛኑን ሲስት ከእግር አጠገብ ነው የሚሰነጠቀው።

አሮጌ መኪና መጠገን ደግሞ የግድ እየሆነ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ታክስ አከበደ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ናረ። በእጅ ያለው የናፍጣ መኪና እንግዲህ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል።

ሰቆጣ ላይ ድርብ ቮላኖ ከመደርደሪያ አይወርድም፤ የሚመጣው በስልክ ታዞ ነው፤ ከወልዲያ፣ ከደሴ፣ አለዚያም ከአዲስ አበባ። መርካቶ ያለ ዘመድ ሲላክ «የፍሪሲዮን ዕቃ ግዛልኝ» ማለት የተሳሳተ ዕቃ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ማስጓዝ ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ አንብቡለት፤ የሞተሩን ስም፣ የቮላኖውን ዙሪያ ጥርስ ብዛትና ብሎን የሚገባበትን ቀዳዳ ቁጥር ጨምሩ፤ ከዚያ «ድርብ ቮላኖ ነው፣ ነጠላ አይደለም» በሉት። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከተገኘ እጁን አስገብቶ ያዙረው፤ ሞላው ካልመለሰው፣ ወይም ጠርዙ ላይ ግራሶ ካየ፣ ዋጋው ቢረክስም ይተወው።